የአማካዩ ዐይን
(በሸደር ለወጣቶች፣ ለመምህራንና ለቡድን መሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ስለ እግር ኳስ ልናገር ነው የመጣሁት። የማነሳው ግን ብዙ ጊዜ ሳይወራለት የሚታለፈውን ክፍል ነው፤ ተጫዋቹ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያለውን ዘመን። አንድ ልጅ በ10 ዓመቱ ኳስ ይጀምራል፤ 30ን ሲያልፍ ጉልበቱ እምቢ ይለዋል። በእነዚያ 20 ዓመታት ያጠራቀመው እውቀት ከዚያ በኋላ የት ይደርሳል? አንዳንድ አገር ይህን እውቀት ይዞ ያቆየዋል፤ አንዳንድ አገር ደግሞ ያፈሰዋል። እኛ አፍስሰናል፤ ዛሬም እያፈሰስን ነው ብዬ አምናለሁ።

በአንድ ፈረንሳዊ ልጀምር። ብሩኖ ሜትሱ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተወለደ አማካይ ነበረ። በቫለንሲየን፣ በሊል፣ በኒስ ተጫውቷል። ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ግን አንድም ቀን አልተሰለፈም። በተጫዋችነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ስሙን የሚያነሳ ሰው ባልተገኘ። ጫማውን ሲሰቅል ወደ አሰልጣኝነት ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሴኔጋልን ቡድን ተረከበ። ሴኔጋል እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ዋንጫ ታይታ አታውቅም። ሜትሱ ያገኛቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚጫወቱት በፈረንሳይ ሊግ ነበርና የሚያድሩበትን ሰፈር፣ የሚለማመዱበትን ሜዳ፣ የሚናፍቃቸውን ነገር ያውቃል። በ1994 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሳቸው፤ በፍጹም ቅጣት ምት በካሜሩን ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት 23 ቀን ሴኡል ላይ ሴኔጋል የዓለም ሻምፒዮናዋን ፈረንሳይን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ግቡን ያስቆጠረው ፓፓ ቡባ ዲዮፕ ነው። በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሱታላችሁ። ሬዲዮ የነበረው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን የነበረው ቴሌቪዥን ከብቦ የዋለበት ቀን ነው።

ሜትሱ እስልምናን ተቀብሎ አብዱልከሪም ተባለ፤ ሴኔጋላዊት አገባ። የኤምሬቶቹን አል ዐይን እ.ኤ.አ. በ2003 የእስያ ሻምፒዮን አደረገ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በካንሰር ሲያርፍ የተቀበረው ፈረንሳይ ውስጥ አልነበረም፤ ዳካር ነው። ሴኔጋሎች እንደ ልጃቸው ቀበሩት።

ከእሱ ታሪክ በላይ እኔን የሚይዘኝ ግን ያ ቡድን ትቶት ያለፈው ሰው ነው። አምበሉ አልዩ ሲሴ ይባላል፤ እሱም አማካይ ነበረ። በ1994ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች በብዙ አገር ስሙ በሳተው ኳስ ብቻ ይነሳል፤ ከዚያም ይረሳል። ሴኔጋል ግን ሲሴን አልጣለችውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋና አሰልጣኝ አድርጋ ሾመችው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በአልጄሪያ ተሸነፈ፤ ያኔም አልተባረረም። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ያውንዴ ላይ ግብፅን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ሴኔጋልን ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን አደረጋት። በአምበልነት ባጣት በዚያችው ምት በአሰልጣኝነት ዋንጫ አነሳባት። ያንን ዋንጫ ያመጣው የሲሴ ችሎታ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አገሪቱ የ20 ዓመት እውቀቱን ሳታስጥለው መቆየቷም አለበት።

አማካይ ለምን ለአሰልጣኝነት ይቀርባል? አጥቂ ፊቱን ወደ ግብ አድርጎ ይጫወታል፤ ተከላካይ ጀርባውን ለግብ ጠባቂው ሰጥቶ የሚመጣበትን ይጠብቃል። አማካይ ግን ኳስ ከፊቱም ከኋላውም፣ ከግራውም ከቀኙም ይመጣበታል። ኳሱ ሳይደርሰው በፊት አንገቱን ዞር ዞር አድርጎ ማን የት እንዳለ ማየት አለበት። እናንተ ከብትና ግመል ስትጠብቁ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ያለችውን ግመል እያያችሁ ከኋላ የቀረችውን አትረሱም። አማካይ 22 ሰው ሲጠብቅ የኖረ እረኛ ነው።

ይሁንና ዐይን ብቻውን አሰልጣኝ አያደርግም። ሚሼል ፕላቲኒ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1985 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የአውሮፓ ኮከብ ተብሏል። በ1987 ጫማ ሰቀለ፤ በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን ያዘ። በ1990 የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ አልተገኘችም፤ በ1992 የአውሮፓ ዋንጫም ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ከዚያ በኋላ ፕላቲኒ ማሰልጠን ተወ። ዚነዲን ዚዳን በሌላ መንገድ ሄደ። በ2006 መጫወት አቁሞ ዓመታት ቆየ፤ በሪያል ማድሪድ በካርሎ አንቼሎቲ ሥር ረዳት ሆኖ ኮን አስቀመጠ፤ ከዚያ የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ያዘ። በዚያ ጊዜ ተገቢውን ላይሰንስ ሳይይዝ ያሰለጥናል ተብሎ ተከሰሰ። ያን ሁሉ ዋንጫ ያነሳ ሰው! እንደማንም ተማሪ ቁጭ ብሎ ኮርሱን ጨረሰ። ከዋናው ቡድን ጋር በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በላ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጨዋታውን ያደረገው ከማን ጋር መሰላችሁ? ከዚህ ብዙ ከማይርቁት ጎረቤቶቻችሁ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 አዲስ አበባ ላይ በፈረንሳይ አስተዳደር ሥር ከነበረችው የዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ተጫውቶ 5 ለ 0 አሸነፈ። በዚያ ቡድን ውስጥ ይድነቃቸው ተሰማ ነበረ። ጅማ የተወለደ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ የተጫወተ፣ ኋላም ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነ ሰው ነው። የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበረ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ስለ ይድነቃቸው ሌላ ቀን ሰፊ ጊዜ ወስዶ መናገር ይገባል። ዛሬ የምፈልገው እሱ አምበል አድርጎ ያቆመውን ሰው ነው።

ያ ሰው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላው የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1940 ፋሺስቶች ባወጡት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። ሉቻኖና ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ያደጉት በዚህ ዘመን ነው፤ ለጣሊያኑ አፍሪካዊ፣ ለአበሻው ጣሊያናዊ ሆነው። ሉቻኖ በስተርጅና የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ሲጽፍ ርዕሱን «ማማ፣ ኤኮ ኢ ሶልዲ» አለው፤ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደማለት ነው። ኳስ ለእሱ በመጀመሪያ የእናት መርጃ ነበረች።

ከአስመራ ክለቦች ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን፣ ሕዝቡ «ኮተን» የሚለው፣ አስፈረመው። ከዚህ ተነስታችሁ ጅግጅጋን፣ ካራማራን፣ ባቢሌን፣ ሐረርን አልፋችሁ የምትወርዱበት ያው ድሬዳዋ ነው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ነበረች፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ አንድ ሜዳ ዙሪያ ይቆማል። ኮተን በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባና ከአስመራ ክለቦች ጋር ተናንቆ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በዚያ የፋብሪካ ቡድን መሐል ሜዳ ላይ የቆመው ሰው ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ነበረ። ትልቅ ኳስ አዲስ አበባ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን ንገሩት።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ ተገኙ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1959 ዋንጫውን የወሰደች ናት፤ ሁለቱንም ጊዜ እኛን 4 ለ 0 አሸንፋለች። በ1959 ከአራቱ ግቦች ሦስቱን ያስቆጠረብን ማሕሙድ ኤል ጎሐሪ ነበረ፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ከግብፅ ጋር የተደረገው ፍጻሜ እሑድ ጥር 13 ቀን ነበር፤ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ከተማው ገና ከበዓል ሳይወጣ። የግብፁ ባዳዊ አስቆጠረ፤ ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ወዲያው ባዳዊ ደገመ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር እንደገና አቻ ሆንን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ 4 ለ 2።

ከዚያ ፍጻሜ ጋር አብሮ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነው። አምበሉ ደግሞ ቫሳሎ የሚባል ክልስ ነው። አንዳንድ ሹማምንት ይህ ነገር ከበዳቸው፤ ሌላ ሰው ይቅረብ አሉ። ይድነቃቸው ግን አምበሉ ሉቻኖ ነው ብሎ እምቢ አለ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው።

ይህን ሸደር ላይ ስናገር ለማን እንደምናገር አውቃለሁ። እዚህ ያለው የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በ2000 ዓ.ም. ተከፈተ። ከሶማሊያ ሕፃን ሆነው በእናታቸው ጀርባ የመጡ፣ እዚሁም የተወለዱ ልጆች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» የሚል ጥያቄ እየተጠየቁ የሚያድጉ ልጆች ናቸው። ያንን ጥያቄ ሕይወቱን ሙሉ የተጠየቀ ሰው የዚህችን አገር ቡድን በአምበልነት መርቶ ዋንጫ አነሳ። ከወረቀቱ በፊት ችሎታውን ያየለት አሰልጣኝ ነበረውና።

ሉቻኖ ከዚያ በኋላም ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ተጫወተ፤ በ1960 ዓ.ም. አገራችን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጣው ቡድን ውስጥ ነበረ። መጫወት ሲያቆም ወደ አሰልጣኝነት ተሻገረ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም ያዘ። የአንድን ትውልድ ኳስ ከመሐል ሜዳ ሆኖ ያየ ሰው አሁን ከሜዳው ጠርዝ ሊያስተምር ቆመ። የአገሪቱ ትልቁ ሀብት በእጇ ገብቶላት ነበር።

አልቆየላትም። ደርግ መጣ። ያ ዘመን ማንን እንዳሰደደ፣ ማንን እንዳሰረ ለዚህ ጉባኤ አልነግርም፤ ከእናንተ መካከል የደረሰበት አለ። ሉቻኖ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ኑሮውን ጣሊያን አደረገ። አባቱ እንዳይቀበለው በሕግ ወደ ከለከለችው አገር ነው ተሰዶ የሄደው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮም ውስጥ አረፈ። በእነዚያ ከ40 የሚበልጡ የስደት ዓመታት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስንት አማካይ በእሱ እጅ ሊያድግ ይችል እንደነበር ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ከመንግሥቱ ወርቁ ግን ያገኘነው አለ። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግብ ያስቆጠረ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነው፤ አማካይ ባይሆንም ስሙን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እዚሁ ቀረ፣ አሰልጣኝ ሆነ፣ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ሊቢያ ለተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃው። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ አልገባችም። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ የ31 ዓመቱን ጥበቃ ሲያበቃ መንግሥቱ አላየም።

ኤል ጎሐሪን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስት ያገባብንን ያን ሰው አሰልጣኝ አደረገችው። በ1990 ለዓለም ዋንጫ አበቃት፤ በ1998 የአፍሪካ ዋንጫን በአሰልጣኝነት አነሳ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ዋንጫውን ያነሳ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሁለተኛው ናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ነው፤ በ1994 አምበል፣ በ2013 አሰልጣኝ። በ2013 በደቡብ አፍሪካ ከምድብ ያሰናበተንን 2 ለ 0 ያደረሰብን የኬሺ ቡድን ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዓለም ዋንጫ በር ላይ የመለሰንም እሱ ነው። አስተውሉ፤ ሁለቱም ሰዎች ታሪካቸውን ሲሠሩ በእኛ ላይ ተሻግረው ነው። የዋንጫ አምበል እኛም ነበረን። እነሱ የእነሱን ይዘው ቆዩ፤ እኛ የእኛን አጣን።

አሁን ስለ ሸደር ልናገር። ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ ሜዳችሁ ላይ ቆሜ ነበር። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ፣ ግቡ በሁለት ድንጋይ ተለክቶ፣ ገሚሱ በታኬታ፣ ገሚሱ በሲሊፐር፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ ይጫወታል። ከዳር አንድ ሰው ቆሟል፤ ቀኝ ጉልበቱን ያነክሳል። ፊሽካ የለውም፤ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ያፏጫል። አንድ ትንሽ ልጅ መሐል ላይ ኳስ በደረሰው ቁጥር ቁልቁል እያየ ይቀማል። ሰውየው ጨዋታውን አስቆመ። ልጁን ጠርቶ ኳሱን ከእግሩ ሥር ወሰደና ከኋላው ቆመ፤ «አሁን ከኋላህ ስንት ሰው አለ? ሳትዞር ንገረኝ» አለው። ልጁ አላወቀም። «ኳሱ ሳይመጣ ዞረህ እይ፣ ከመጣ በኋላ ጊዜ የለህም» ብሎ መለሰው። በቀጣዩ ኳስ ልጁ ሁለት ጊዜ አንገቱን አዞረ፤ በአንድ ንክኪ ለግራ ክንፉ አቀበለ። ሰውየው ሳይስቅ፣ ሳያጨበጭብ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ዚዳን ኮርስ ገብቶ የተማረውን ያህል ባይሆን እንኳ፣ ይህ ሰው የያዘው እውቀት የዚያው ዘር ነው። የትም አልተመዘገበም። ላይሰንስ የለውም፤ ደመወዝ የለውም። ጉልበቱን የሰጠለት ክለብ ከዚያ በኋላ አልፈለገውም። ነገ የቀን ሥራ ፍለጋ ጅግጅጋ ቢሄድ ያ ትንሽ ልጅ አንገቱን እንዲያዞር የሚነግረው አይኖርም።

ስለዚህ ለአራት ዓይነት ሰዎች አንድ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን፣ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜያችሁን ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ክፈቱላቸው፤ ኳስና ጥላ ያለው ቦታ ስጧቸው፤ የልጆቹን ዕድሜና ስም በደብተር አብራችሁ መዝግቡ። የወረዳና የክልል ስፖርት ኃላፊዎች፣ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን የሲ ላይሰንስ ኮርስ በክልሉ በተሰጠ ቁጥር ከአውበሬ ወረዳ፣ ከሸደርም፣ ስም ይኑር። ኮርሱ በአማርኛ ሲሰጥ አጠገቡ በሶማሊኛ የሚያስረዳ ሰው ይቀመጥ፤ ኳስ የሚያውቅ ሰው በቋንቋ ምክንያት መውደቅ የለበትም። ከስደተኞቹ የሚመጣውንም አትመልሱት፤ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ የመማርና የመሥራት መብት ተሰጥቶታል፤ ማሰልጠንም ሥራ ነው። ለእናንተ ለሴቶቹ ልጆች ደግሞ፣ ኮሪን ዲያክር የምትባል የቀድሞ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2014 ክለርሞን የተባለውን የወንዶች ፕሮፌሽናል ክለብ አሰልጣኝ ሆና ይዛለች፤ ዳር ቆማችሁ ከምታዩ ጨዋታውን ጻፉ፣ ማን የት እንደቆመ ሣሉ፣ ሲመች ደግሞ ወንዶቹን ጠይቁ፣ ተከራከሯቸው።

የመጨረሻው ለእናንተ ለ28ና ለ30 ዓመት ተጫዋቾች ነው፤ ጉልበታችሁ ማስጠንቀቅ ለጀመራችሁ። ገና እየተጫወታችሁ ሳለ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ያዙ። ጠዋት ከልጆቹ ጋር፣ ማታ ከቡድናችሁ ጋር ሁኑ። መጫወት የምታቆሙበት ቀን ሲመጣ ማሰልጠን የምትጀምሩበት ቀን እንዳይሆን፤ ያን ቀን በማሰልጠን ሦስተኛ ዓመታችሁ ይሁን። ከዚህ ጉባኤ ስንወጣ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ደብተር ይዘው ይቆማሉ፤ ማሰልጠን የምትፈልጉ ስማችሁን፣ የተጫወታችሁበትን ቦታና የትምህርት ደረጃችሁን ጻፉ። ዝርዝሩን ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ይዤው ጅግጅጋ እገባለሁ።